«650 ± 30» ማለት ስንት ዓመት ነው?

የጥንት ዕቃን ዕድሜ በሬዲዮካርቦን ከሚለካ ላቦራቶሪ የሚመጣው ወረቀት አጭር ነው። የናሙናው መለያ ቁጥር፣ ምንነቱ፣ ቀጥሎም «650 ± 30» የሚል ጽሑፍ። እንበልና ናሙናው ከየካ ኮረብታ በስተ ጀርባ ለመኖሪያ ቤት መሠረት ሲቆፈር ከአመድና ከሸክላ ስብርባሪ ጋር የወጣ ከሰል ነው። ወረቀቱ እንደደረሰ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ታዲያ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አንዱ ብድግ ብሎ ከዘንድሮው ዓመት 650 ይቀንስና ያገኘውን ለጋዜጠኛ ይነግራል።

በዚህች አጭር ስሌት ውስጥ ሦስት ስህተቶች ተጨናንቀዋል። ሁለቱ የዘመን አቆጣጠር ስህተቶች ስለሆኑ ቶሎ ይታረማሉ። አንደኛ፣ የሬዲዮካርቦን ዕድሜ ወደ ኋላ የሚቆጠረው ከዛሬ ሳይሆን ከ1950 ነው። የኑክሌር ቦምብ ሙከራ የአየሩን ካርቦን ከመበረዙ በፊት ያለ ዓመት ስለሆነ ሳይንቲስቶቹ እንደ ዜሮ ተስማምተውበታል፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1942 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሁለተኛ፣ ውጤቱ የሚወጣው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ ሳይቀነስ «ዓ.ም.» ሲለጠፍበት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዛነፋል። (በዚህ ጽሑፍም ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ሦስተኛውና ከባዱ ስህተት 650ን እንደ ዓመት መቁጠሩ ነው። ቁጥሩ ዓመት አይደለም። በከሰሉ ውስጥ የተረፈው ካርቦን 14 (ሬዲዮካርቦን፣ ማለትም በጊዜ ብዛት እየፈረሰ የሚያልቀው የካርቦን ዓይነት) ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር ልኬት ሲሆን በዓመት መልክ የሚጻፈው በልማድ ነው። «± 30» ደግሞ የልኬቱ ጥርጣሬ ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ሠላሳ ያህል። ልኬቱን ወደ ዓመት የመለወጡ ሥራ ካሊብሬሽን ወይም ማስተካከያ ይባላል፤ ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ካርቦን 14 የሚፈጠረው ከምድር ከፍ ብሎ ነው። ከጠፈር የሚመጣው ጨረር አየሩን ሲመታ ኒውትሮኖች ይፈናጠራሉ፤ እነርሱ ደግሞ ናይትሮጅንን ሲመቱ ካርቦን 14 ይገኛል። ይህ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ዕፅዋት ይስቡታል፣ ከብት ዕፅዋቱን ይግጣል፣ ሰው ሁለቱንም ይበላል። መጠኑ ኢምንት ነው፤ በአየር ካለው ካርቦን ከአንድ ትሪሊዮን አቶም አንዱ ገደማ። ፍጡሩ በሕይወት እስካለ ድረስ የጎደለው ይተካል። ሲሞት መተካቱ ይቆማል፤ የቀረውም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል።

50,000 ዓመት ሲሞላ ከመነሻው የሚተርፈው 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ዘዴው እዚያ ላይ ይቆማል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችውና በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው መልካ ቁንጡሬ ከዚህ ዘዴ አቅም ውጭ የሆነችውም ለዚህ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎቿ ዕድሜ የሚታወቀው በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ በታመቀው የአርጎን ጋዝና በመሳሰሉት ዘዴዎች ነው። «በካርቦን 14 ተረጋግጧል» የሚል ሰው እዚያ ካጋጠማችሁ በፈገግታ እለፉት።

ዘዴውን ያፈለቀው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበረው አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ ነው። በ1949 ውጤቱን ይፋ አደረገ፤ በ1960 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። የሊቢ ስሌት የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነበር፤ በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን በየትኛውም ዘመን ያው ነው የሚል። ግምቱን ዕድሜያቸው ከታሪክ በሚታወቅ የግብፅ ዕቃዎች ፈተነው፤ በጊዜው በነበረው የመለኪያ አቅም ውጤቱ የሚያጠግብ ይመስል ነበር። መሣሪያው ሲሻሻል ግን ክፍተቱ ታየ። በ1958 ኔዘርላንዳዊው ሄሴል ደ ቭሪስ የአየሩ መጠን ከፍና ዝቅ ሲል እንደኖረ አሳየ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሃንስ ሱስ በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የሚኖሩትን የጥድ ዝርያ ዛፎች ቀለበት በቀለበት እየለካ ልዩነቱን በሥዕል አወጣው።

ምክንያቶቹ ከአንድ በላይ ናቸው። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ሲበረታ ከጠፈር የሚመጣውን ጨረር ይመልሳል፤ ያኔ የሚፈጠረው ካርቦን 14 ያንሳል። ፀሐይ ስትነቃቃም እንዲሁ። ውቅያኖስ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጥልቁ ውስጥ ያቆየውን አሮጌ ካርቦን አንዳንዴ አብዝቶ አንዳንዴ ቀንሶ ወደ አየር ይመልሳል። የሁሉም ድምር ቀላል አይደለም። ላቦራቶሪው 10,000 ብሎ የሚጽፈው ናሙና እውነተኛ ዕድሜው ከ1950 በፊት ወደ 11,500 ዓመት ይጠጋል።

አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ሊቢ ካርቦን 14 በግማሽ የሚቀንስበትን ጊዜ 5,568 ዓመት ብሎ ነበር የያዘው። ትክክለኛው 5,730 መሆኑ ከታወቀ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ላቦራቶሪዎች ግን እስከ ዛሬ የሚያሰሉት በአሮጌው ነው። ስንፍና አይደለም። የድሮውና የአሁኑ ውጤት እንዲነጻጸር ብለው የተስማሙበት ነው፤ ማስተካከያውም የተሠራው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ ስህተቱ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። በቅን ልቦና ተነሥቶ ውጤቱን በ5,730 «የሚያርም» ሰው ያበላሸዋል እንጂ አያስተካክለውም።

ማስተካከያው የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ የዛፍ ቀለበት በየትኛው ዓመት እንደበቀለ በቆጠራ ይታወቃል። የዚያን ቀለበት ካርቦን 14 ለክተን ልኬቱን ከዓመቱ ጎን እናስቀምጣለን። ይህ ለሺዎች ቀለበቶች ሲደረግ አንድ ረጅም መስመር ይወጣል። በ2020 የወጣውና አሁን በብዛት የሚሠራበት የሰሜን ንፍቀ ክበብ መስመር ኢንትካል 20 ይባላል፤ ወደ ኋላ 55,000 ዓመት ይደርሳል። ወደ 14,000 ዓመት የሚጠጋው ክፍል በዛፍ ቀለበት የተደገፈ ነው። ከዚያ በፊት ያለው በጃፓኑ የሱይጌትሱ ሐይቅ ደለል፣ በቻይና «ሁሉ» በተባለው ዋሻ የድንጋይ ጠብታና በባሕር ኮራል ላይ ስለሚመረኮዝ እርግጠኝነቱ እየላላ ይሄዳል።

መስመሩ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ መደመርና መቀነስ ያልቅ ነበር። ቀጥ አይልም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ መንገደኛ ደውሎ «ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ነኝ» ቢልና ሌላ ምንም ባይነግረን የት እንዳለ እንዴት እናውቃለን? ዳገቱ ቀጥ ባለበት ክፍል ከሆነ ቦታውን በጥቂት እርምጃ ልዩነት እናገኘዋለን። ያ ከፍታ ረጅም ሜዳ ላይ ከዋለ ግን መንገደኛው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የትም ሊሆን ይችላል፤ የከፍታ መለኪያው የፈለገውን ያህል ረቂቅ ቢሆን አይረዳንም። መንገዱ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ያው 2,800 ሜትር ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ይገኛል። ሬዲዮካርቦን የሚሰጠን ከፍታውን ነው። እኛ የምንፈልገው ቦታውን ነው።

አሁን 650 ± 30ን መስመሩ ላይ እናሳርፈው። መስመሩ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ወርዶ ይመለሳል፤ ስለዚህ ልኬቱ ሁለት ቦታ ላይ ይገጥማል። አንደኛው ከ1280 እስከ 1330 ገደማ፣ ሁለተኛው ከ1345 እስከ 1395 ገደማ ነው። በእኛ ታሪክ የመጀመሪያው ከዐፄ ይኩኖ አምላክ የመጨረሻ ዓመታት እስከ ዐፄ ዐምደ ጽዮን የዘመቻ ዘመን ያለው ነው፤ ሁለተኛው ከዐፄ ሰይፈ አርዕድ እስከ ዐፄ ዳዊት ይዘልቃል። ከሰሉ ከሁለቱ የየትኛው እንደሆነ ልኬቱ ብቻውን አይለይም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሁለት ክፍተት ያየ ሰው ይጨነቅና መካከለኛውን ይወስዳል፤ «በ1338 ገደማ» ይላል። ቁጥሩ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉም ዓመታት ይልቅ የማይመስለው እርሱ ነው! ልኬቱ በግልጽ የዘለለው በሁለቱ ክፍተቶች መሃል ያለውን ዘመን ነው። አማካይ መውሰድ ለገበያ ዋጋ ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን ሁለቱንም ክፍተት ሳይሸራርፉ መጻፍ ነው ያለው።

የሜዳው ነገር ይብሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ገደማ ባለው ዘመን መስመሩ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ይንሳፈፋል። በዚህ ሜዳ ላይ ያረፈ፣ 2,450 ± 30 የተባለ ናሙና፣ ሲስተካከል ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ750 እስከ 410 ባለው ጊዜ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ሠላሳ የነበረው ጥርጣሬ የሦስት መቶ አርባ ዓመት ክፍተት ሆነ ማለት ነው። ችግሩ ለአውሮፓ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ የይሓው ታላቅ ቤተ መቅደስና የደዐመት ሥልጣኔ የሚመደቡት በዚሁ ዘመን መሆኑን ያስታውስ። ከአክሱም በፊት የነበረውን ታሪክ በሬዲዮካርቦን ብቻ በትውልድ በትውልድ ለመክፈል የሚሞክር አርኪዮሎጂስት ተፈጥሮ ራሷ መንገዱን ዘግታበታለች።

ሌላው ሜዳ ለእኛ ቅርብ ነው። ከ1650ዎቹ ገደማ እስከ 1950 መስመሩ ይወዛወዛል እንጂ ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄድም። እንጦጦ ላይ በ1880ዎቹ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በከተሙበት አካባቢ ከተገኘ ምድጃ ከሰል ተወስዶ 150 ± 30 ቢባል፣ ማስተካከያው ከ1660ዎቹ እስከ 1950 ድረስ መሃል መሃሉን እየዘለለ ይዘረጋዋል። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መሆኑ ነው። ለዚህ ውጤት ገንዘብ ማውጣት ብክነት ይመስለኛል። ይልቅ ከሰሉን በማይክሮስኮፕ አይቶ የምን ዛፍ እንደሆነ መለየት ይሻላል፤ የእንጨት ሥሪት ከከሰለም በኋላ ይታወቃልና። ባሕር ዛፍ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ ዙሪያ የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ስለሆነ ምድጃው ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። አንድ የዛፍ ዝርያ ከአንድ ውድ ማሽን የተሻለ ዓመት የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ይኸው ባሕር ዛፍ በሌላ በኩል ጠላት ነው። ሥሩ ወደ አሮጌ አፈር ጠልቆ ይገባና አዲስ ካርቦን ይዞ ይሄዳል። ምንም ካርቦን 14 ያልቀረበት እጅግ አሮጌ ናሙና ውስጥ አንድ በመቶ ብቻ የዘመኑ ካርቦን ቢደባለቅ ላቦራቶሪው 37,000 ዓመት ገደማ ብሎ ያነበዋል። ናሙናዎች በአሲድና በአልካሊ የሚታጠቡት ይህን ለማስወገድ ነው። ማስተካከያው እንዲህ ያለውን ብክለት አያውቅም፤ የተሰጠውን ቁጥር ተቀብሎ በታማኝነት ወደ ተሳሳተ ዓመት ይቀይራል።

የትኛው መስመር ይሁን የሚለውም ጥያቄ ለኢትዮጵያ የተለየ ነው። የደቡብ ንፍቀ ክበብ የራሱ መስመር አለው፤ በደቡብ ውቅያኖሱ ስለሚበዛና አሮጌ ካርቦን ስለሚያወጣ በአንድ ዓመት የበቀሉ ዛፎች ሲለኩ የደቡቡ ከሰሜኑ በአማካይ ወደ 40 ዓመት ገደማ ያረጀ ይመስላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ሰሜን ናት ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሆኖም በሐምሌና በነሐሴ የሁለቱ ንፍቀ ክበቦች ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጠና ከእኛ አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ዝናሙን የሚያመጣው እርጥብ ነፋስ ከደቡብ አቅጣጫ ይገባል። ዛፉም ጤፉም በደንብ የሚያድገው በዚሁ በክረምቱ ነው። ስለዚህ የኛ ዕፅዋት የሚስቡት አየር ቅይጥ ነው፤ ሁለቱን መስመሮች አደባልቆ ማስላትም ይቻላል፤ ጥያቄው በምን ያህል መጠን የሚለው ነው። ልዩነቱ ሃያ ዓመት ቢሆን ለድንጋይ ዘመን ምንም አይደለም። ሁለት ነገሥታትን ለመለየት ለሚጨነቅ ሰው ግን ትልቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓመቱ ትክክል ቢወጣ እንኳ የምን ዓመት ነው? ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ደን በትውፊት በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። የሐበሻ ጥድ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ምስጥ ስለማይደፍረውም ከፈረሰ ቤት ወደ አዲስ ቤት ይዛወራል። የዛፍ እያንዳንዱ ቀለበት ከአየር ጋር መለዋወጡን የሚያቆመው በበቀለበት ዓመት ነው፤ ዛፉ ገና በቁሙ ሳለ እምብርቱ ለካርቦን 14 ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ከሦስት መቶ ዓመት ጥድ እምብርት የተቆረጠ ናሙና፣ ዛፉ ትናንት ቢቆረጥም፣ የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ይናገራል። ምሰሶው ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ከሆነ ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። ይህ ስህተት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ሕንፃውን ያስረጃል እንጂ አያሳድሰውም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ቆፋሪ ከትልቅ ግንድ ይልቅ የገብስ ፍሬ የሚመርጠው፤ የገብስ ዕድሜ አንድ ክረምት ነው።

የየካው ዋሻ ሚካኤል ነገሩን ያጠራዋል። ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል፤ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ ወደ 12ኛውና 13ኛው ምዕተ ዓመት ያቀርቡታል። «ለምን በካርቦን ለክታችሁ አትገላገሉም?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይሰማል። አለቱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሕይወት ስላልነበረው የሚለካ ካርቦን የለውም፤ ቢኖረውም የሚነግረን የአለቱን ዕድሜ እንጂ የፈለፈለውን ሰው ዘመን አይደለም። ከወለሉ ሥር ከሰል ቢገኝ እሳቱ የነደደበትን ዘመን ይናገራል። እሳቱ ከፈልፋዮቹ ምሳ ይሁን ከመቶ ዓመት በኋላ ከተጠለለ እረኛ፣ ያንን የሚለየው የአፈሩ አደራረብ ነው፤ ላቦራቶሪው አይደለም።

ተስፋ አስቆራጭ እንዳይመስል ዘዴው የሠራበትን ልጥቀስ። በአድዋ አቅራቢያ የሚገኙትን የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብዙ ምሁራን ወደ 11ኛው ምዕተ ዓመት ወይም ከዚያ ወዲህ ያደርጓቸው ነበር። ከብራናዎቹ የተወሰዱ ቁርጥራጮች በኦክስፎርድ ሲለኩ አንዱ ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቁ። የመቶ ሠላሳና የመቶ ሰማንያ ዓመት ክፍተት ሰፊ ነው፤ ክርክሩ ግን የአምስት መቶ ዓመት ስለነበር በቂ ሆነ። ብራና ደግሞ ከአጭር ዕድሜ እንስሳ ቆዳ ስለሚሠራ የጥዱ ዓይነት ጣጣ የለበትም። ሬዲዮካርቦን የሚያዋጣው ጥያቄው ከክፍተቱ ሲሰፋ ነው።

ክፍተቱን ማጥበብም ይቻላል። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ከታች ያለው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል፤ ይህን ዕውቀት ከልኬቶቹ ጋር ቤይስ በሚባል የፕሮባቢሊቲ (የዕድል) ስሌት የሚያዋሕዱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሉ፤ በኦክስፎርድ የተሠራው ኦክስካል የታወቀው ነው። ስድሳ ቀለበት ያለው የጥድ ምሰሶ ከተገኘም ከአንድ ቦታ ከመቁረጥ ይልቅ በየአሥራ አምስት ቀለበቱ ቢለካ፣ በልኬቶቹ መካከል ያለው የዓመት ርቀት ስለሚታወቅ የመወዛወዙ ቅርፅ መስመሩ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ሊገጥም ይችላል። ያን ጊዜ ሲያስቸግረን የኖረው ጠመዝማዛነት ራሱ መለያ ይሆናል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ጃፓናዊቷ ፉሳ ሚያኬ በ2012 በጃፓን ዝግባ ቀለበቶች ውስጥ ከ774 ወደ 775 ካርቦን 14 በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገት እንደዘለለ አገኘች፤ ቀጥሎም የ993ቱ ዝላይ ታወቀ። የቫይኪንግ ሰዎች በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ዛፍ የቆረጡት በ1021 መሆኑ በትክክል የታወቀው በዚህ ነው፤ ዝላዩ ያለበትን ቀለበት አግኝተው ከዚያ እስከ ቅርፊቱ ቆጠሩ። ለእኛ ጥድ ግን አንድ እንቅፋት አለ፤ በልግና ክረምት ሁለት ዝናም ስላለ ዛፉ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊሠራ ይችላል፤ ቆጠራው ራሱ መፈተሽ አለበት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በቦምብ ሙከራ የናረው ካርቦን 14 ለዚህ ፍተሻ ያገለግላል፤ በሰሜን ንፍቀ ክበብ በ1963 ገደማ መጠኑ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ስለነበር ያንን የያዘው ቀለበት የትኛው እንደሆነ ይታወቃል።

በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ የሚነቀለው የጥድ ምሰሶ ወደ ማገዶ ከመሄዱ በፊት አንድ ክብ ቁራጭ ሊቀርለት ይገባል። ከእምብርቱ እስከ ውጭኛው ቀለበት ያልተቋረጠ፣ ከተቻለ ቅርፊቱ ያልተላጠ ይሁን፤ ያለ ቅርፊቱ ዛፉ መቼ እንደተቆረጠ አይታወቅም። ሙጫ፣ ሰም፣ ቀለም አይነካው፤ ሁሉም የራሳቸው ካርቦን አላቸው። ደርቆ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቅለል፤ ምሰሶው የቆመበት ቦታና የተነቀለበት ቀን ከላይ ይጻፍ፤ ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ።